የሚሸተው እኮ ማዳበሪያችን ነው!

«ፍጉ ሲሸት ነው ኃይል ያለው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ገበሬውም ይላል፣ ከተማ ውስጥ አራት አምስት ላም የሚያረባውም ይላል፣ ይባስ ብሎ የግብርና ባለሙያ ነኝ የሚለውም ይላል። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። አፍንጫችሁን የሚቆነጥጠው፣ ዓይናችሁን የሚያስለቅሰው ያ ነገር አሞኒያ ነው። አሞኒያ ማለት ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ማለት ደግሞ በክረምት ዩሪያ ብላችሁ ሰልፍ የምትሰለፉለት ነገር ነው። ስለዚህ ሽታው አፍንጫችሁ ጋ ከደረሰ ማሳው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ወጥ ቤት የገባ ሌባ ድስቱን ይዞ ሲሮጥ አይታችሁ «አይ እንዴት ያለ ድስት ነበረን» ብላችሁ እንደማድነቅ ነው።

ሰሞኑን እዚሁ ፌስቡክ ላይ ስለ ላም ሽንትና እበት ልኬት ስጽፍ የተሰጡኝን ኮሜንቶች አይቼ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ ለመጻፍ የተነሳሁት። «ፈረንጅ ሥራ ሲያጣ የላም ሽንት ይለካል፣ አንተ ደግሞ ትከተላለህ» ያለኝ አለ። «ማዳበሪያ ጠፍቶ ሰው እያለቀሰ አንተ ስለ ጋዝ ታወራለህ» ያለኝም አለ። አንዱ ደግሞ «በዲፕሎማ ይህን ያህል» ብሎኛል። አዎ በዲፕሎማ ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ነው። ፕሮፌሰር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ተቀምጦ ማስላት ነው፣ እሱን ነው ያጣነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን። ላሟ የበላችው ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን አለ። ከዚያ ወደ ወተት የሚገባው ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነቷ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። የቀረው በሙሉ ይወጣል፣ ከፊሉ በእበት፣ ከፊሉ በሽንት። በእበቱ ያለው ቀስ ብሎ የሚበሰብስ ነው፣ አይቸኩልም። በሽንቱ ያለው ግን አብዛኛው ዩሪያ ነው። ልብ በሉ፣ «ዩሪያ የሚመስል ነገር» አላልኩም። ከላም ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያና ከውጭ በመርከብ የሚመጣው በጆንያ የታሸገው ዩሪያ አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። ጀርመናዊው ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ዩሪያን በላብራቶሪ ሠርቶ ዓለምን ያስደነቀው እኮ ከኩላሊት ብቻ ይወጣል ይባል የነበረውን ነገር ያለ ኩላሊት ስለሠራው ነው። ስሙን ራሱ ያገኘው ከሽንት ነው። እኛ ግን ስሙን ከጆንያው ላይ ስለተማርነው በረታችን ውስጥ ሲፈስ አናውቀውም።

ሽንቱ ለብቻው ቢቀመጥ ዩሪያው ቶሎ አይበላሽም። ችግሩ የሚመጣው እበት ሲነካው ነው። እበት ውስጥ ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ዩሪያውን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይሰብረዋል፣ ሲሰብረውም ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፒኤች 7 ላይ ከአሞኒየሙ በጋዝ መልክ ለመብረር የተዘጋጀው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 9 ላይ ግን ከመቶ 36 ገደማ ይሆናል። ከዚያ ፀሐይ ይጨመርበት። ሙቀት በ5 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመትነን አቅሙ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ንፋስ ይጨመርበት። በቃ፣ ሄደ።

እሺ፣ ስንት ነው የሚሄደው? አሁን እርሳስ አንሱ። አንዲት ዲቃላ የወተት ላም በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ በላች እንበል፣ መኖው 12 በመቶ ፕሮቲን አለው እንበል። 1.2 ኪሎ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ፕሮቲኑን ለ6.25 ስናካፍለው 192 ግራም ናይትሮጅን ይሆናል። 10 ሊትር ወተት ታለበች፣ በወተቱ የሚወጣው 50 ግራም ገደማ ነው። የቀረው 140 ግራም በላይ በየቀኑ መሬት ላይ ይወድቃል። በዓመት 51 ኪሎ። የ50 ኪሎ ጆንያ ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው (46 በመቶ)። ስለዚህ አንዲት ላም በዓመት ከሁለት ጆንያ ዩሪያ የሚበልጥ ናይትሮጅን ትጥላለች። ለረጅም ዓመታት ለሁሉም አፈር በደፈናው ሲመከር የነበረው 100 ኪሎ ዩሪያና 100 ኪሎ ዳፕ ለአንድ ሄክታር መሆኑን ታስታውሳላችሁ። የዩሪያው ድርሻ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። አንዲት ላም ከዚያ ትበልጣለች!

አውቃለሁ፣ «የፍግ ናይትሮጅን እኮ በአንድ ክረምት አይለቀቅም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ የእበቱ ቀስ ብሎ በዓመታት ነው የሚለቀቀው። የሽንቱ ግን እንደ ጆንያው ወዲያው ነው የሚሠራው። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ ቀድሞ የሚተነው፣ ቀድሞ በቦይ የሚፈሰው ያው ፈጣኑ፣ ያው ውዱ ነው። እኛ ጋ የሚቀረው ዘገምተኛው ነው። ከዚያ «ፍግ ሞከርኩት፣ እንደ ዩሪያ አይሆንም» እንላለን። እንዴት ይሁን? ዩሪያውን እኮ ለሰማይ ሰጥተነዋል። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ተረት ይመስለን ነበር።

ይሄ ለማን ነው ጉዳዩ? ማዳበሪያ እስከ ዛሬ የምንጠቀመው ከውጭ በዶላር ገዝተን ነው። ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ፣ ከወረዳ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ገበሬው እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ የ2015 ክረምትን ያየ ሰው ያውቀዋል። ያዩ ላይ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ምን ላይ እንደቀረም ታውቃላችሁ። አሁን ጎዴ ላይ ይሠራል የተባለው ይሳካ፣ እሰየው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ፋብሪካውም ተሠርቶ ቢሆን ጋዝ አቃጥሎ፣ ከአየር ናይትሮጅን በስንት ግፊትና ሙቀት ጎትቶ የሚያወጣው ነገር በየጓሯችን ወደ አየር የሚመለሰው ያው ነገር ነው። ናይትሮጅንን ከአየር ለማውረድ ሀበርና ቦሽ የሚባሉ ሰዎች ያዩትን መከራ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ወደ አየር ለመመለስ ግን ምንም ጥበብ አያስፈልግም፣ ክምሩን ሜዳ ላይ መተው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ።

በየዓመቱ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ዝግጅት ንቅናቄ» ይባላል። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይላካል። ሪፖርቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ? «ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ ኮምፖስት ተዘጋጅቷል» ይላል። ሜትር ኪዩብ! ወተት የምታመጡለት ሰው «ስንት ሊትር ነው?» ብሎ እንጂ «ስንት ባልዲ ተሞላ፣ ውስጡ ውሃም ይሁን ወተት» ብሎ ይቀበላችኋል? አንድ ሜትር ኪዩብ አፈርና ገለባም አንድ ሜትር ኪዩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ ጥሩ ፍግም አንድ ሜትር ኪዩብ ነው። ናይትሮጅኑ ስንት ነው? ጉድጓዱ ሲሞላ ስንት ነበር፣ ሲወጣ ስንት ቀረ? ይሄን የሚጠይቅ ቅጽ እስከ ዛሬ አላየሁም። የማላውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተደብቆ ካለ አሳዩኝ፣ ይሄን ጽሑፍ አነሳዋለሁ። አንድ ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። የተሰጠኝ መልስ «መምህር፣ እኛ የተላከልን ቅጽ ላይ የለም» የሚል ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፣ ቡናም ጋብዞኛል። ችግሩ ቅጹ ነው። ቅጹ የጠየቀውን ነው የምንሠራው፣ ቅጹ መጠን ጠየቀ፣ መጠን ተሞላ።

ይሄ አለመለካት ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጣችሁ፤ አመድ። ኮምፖስት አዘገጃጀት ሲነገረን «ገለባ፣ እበት፣ ከዚያ አመድ ነስንሱ፣ አፈር...» እየተባለ ነው። አመድ ፖታሽየም አለው፣ ለሰብል ይጠቅማል፣ አልክድም። የበሰለ ኮምፖስት ላይ ወይ ማሳ ላይ ብትበትኑት እሰየው። ግን አመድ ምን ዓይነት ነገር ነው? ቤዝ ነው። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው እኮ ለዚህ ነው። ሽንት የጠጣ ትኩስ እበት ላይ አመድ ስትነሰንሱ ፒኤቹን ወደ ላይ ትገፉታላችሁ፣ አሞኒየሙን «ተነስ ውጣ» እያላችሁት ነው። ትንሽ ከሆነና ወዲያው በአፈር ከተሸፈነ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአካፋ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ማሳመኛ ካስፈለጋችሁ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ትኩስ እበትና ሽንት አድርጉ፣ አመድ ጨምራችሁ አማስሉት፣ ከዚያ አጎንብሱና አሽትቱ። (በጣም አታጎንብሱ።) ታዲያ ይሄ ምክር ስንት ዓመት ሲሰጥ ኖረ? አንድ ሰው ከላይ አንድ ብልቃጥ አሲድ አስቀምጦ ቢለካ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ይታወቅ ነበር።

«መለካት ውድ ነው» ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፣ በተለይ አሞኒያውን በአየር ላይ እያለ መያዝ። ክምሩ ላይ ክዳን ደፍታችሁ አየር እየሳባችሁ በአሲድ ውስጥ ብታሳልፉት፣ ክዳኑ ራሱ ንፋሱን ይለውጠዋል፣ ሜዳ ላይ ያለውን እውነተኛ ብክነት አይነግራችሁም። በሌዘር የሚለኩ አሉ፣ በረቱ ውስጥ ሌላ ጋዝ በታወቀ መጠን እየለቀቁ ከእሱ ጋር የሚያነጻጽሩ አሉ። እሱ ለኛ ይቆየን። ግን አየሩን ሳይነኩ የሚለካበት መንገድ አለ፣ ይሄን ነው እንድታውቁልኝ የምፈልገው።

ሽሮ ጥዳችኋል እንበል። ጨው በልኩ ጨምራችሁ ረስታችሁት ሄዳችሁ። ስትመለሱ ውሃው ተኗል፣ ጨው ግን አይተንም። ቀምሳችሁ «ኧረ በጣም ጨው ሆነ» ካላችሁ ስንት ውሃ እንደሄደ ማወቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። ድስቱን መመዘን አያስፈልግም፣ እንፋሎቱን መያዝም አያስፈልግም። ፍግ ውስጥ ያለው «ጨው» ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ ጋዝ ሆኖ አይበርም። ስለዚህ ከትኩሱ እበትና ሽንት የናይትሮጅንና የፎስፈረስን ጥምርታ ውሰዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከክምሩ ደግሞ ውሰዱ። መጀመሪያ ለአንድ ግራም ፎስፈረስ 6 ግራም ናይትሮጅን ከነበረና በኋላ 3 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። አለቀ! ዝናብ እንዳያጥበው ማድረግ ነው እንጂ፣ አለበለዚያ ፎስፈረሱም አብሮ ይታጠብና ሒሳቡ ይበላሻል። በተጨማሪ ይሄ ዘዴ የጠፋውን በድምር ነው የሚናገረው፤ በአሞኒያ ሄደ፣ ተራ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ሄደ፣ አይለይም። ለገበሬው ግን ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ይሄን ዘዴ እንደ ድሃ አገር ብልሃት እንዳታዩት። የፍሪዥያን ላም አገር ኔዘርላንድስ ውስጥ ያደረገውን ስሙ። እዚያ የበረት አሞኒያ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥበት የነበረውን የናይትሮጅን አሠራር ውድቅ አደረገው፣ የግንባታና የእርባታ ፈቃዶች ቆሙ፣ ጥቅምት ላይ ገበሬዎች በትራክተር ዘ ሄግን ሞሏት። በዚህ መሃል «ዝቅተኛ ልቀት ያላቸው» ተብለው በብዙ ገንዘብ የተሠሩ የበረት ወለሎች ነበሩ። ወረቀት ላይ አሞኒያ ይቀንሳሉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ ግን ቀላሏን ነገር አደረገ፤ ከላሞቹ የሚወጣውን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ጥምርታ፣ ከበረቶቹ በመኪና ተጭኖ ከሚወጣው ፍግ ጥምርታ ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ ምን ሆነ? እነዚያ ውድ በረቶች ናይትሮጅን በማስቀረት ከተራዎቹ ያን ያህል አይሻሉም ነበር። የወረቀቱ ቁጥር ሌላ፣ ፍጉ የሚናገረው ሌላ። ገበሬው ተበድሮ ነው የሠራው እኮ!

«ያ የእነሱ ችግር ነው፣ እነሱ ናይትሮጅን በዝቶባቸው ነው፣ እኛ አንሶን ነው» ትሉኛላችሁ። እሱን ነው እኮ የምለው! የተትረፈረፈው አገር ይለካል፣ የጎደለው አገር አይለካም። ብር የተረፈው ሰው ኪሱን ይቆጥራል፣ ብር የሌለው ኪሱ ቀዳዳ መሆኑን እንኳ አያይም። እነሱ የሚለኩት ጫካቸውና ረግረጋቸው እንዳይበላሽ ነው። እኛ የምንለካው እንጀራ ስለሆነ ነው። የበለጠ መለካት የነበረብን እኛ ነበርን።

ሌላው ደግሞ የተውሶ ቁጥር ነው። አገሮች የራሳቸው ልኬት ከሌላቸው የአየር ንብረት ሪፖርት ሲሠሩ ዓለም አቀፉ ፓናል (አይፒሲሲ) ካዘጋጀው ሠንጠረዥ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ሠንጠረዥ ለወተት ላም ደረቅ ክምር 30 በመቶ፣ ለፈሳሽ ፍግ 40 በመቶ፣ በየቀኑ ማሳ ላይ ለሚበተን 7 በመቶ ይላል። መጥፎ ቁጥር አይደለም፣ ከምንም ይሻላል። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊት አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። አዳማ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የሁለቱ ክምር እኩል 30 በመቶ ይጠፋበታል ብዬ ተማሪዎቼን ባስተምር «ቲቸር፣ እንዴት?» ይሉኛል፣ መልስ የለኝም። ላሞቹም የሚበሉት አንድ አይደለም። ጭድና ሣር የምትበላ ላም አለች፣ የቢራ ፋብሪካ አተላና ፋጉሎ የምትበላ አለች። ፕሮቲን ሲበዛባት ትርፉ በሽንት ነው የሚወጣው፣ ከሽንት ደግሞ ወደ አየር። ይሄ የመኖ ብር ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት እዚሁ ነው፣ የእኛ ላም፣ የእኛ መኖ፣ የእኛ ፀሐይ።

ቢራ ካነሳን አይቀር፣ ናይትሮጅን የምንለካበትን ዋናውን ዘዴ ያገኘው ኬልዳል የሚባል ዴንማርካዊ የካርልስበርግ ቢራ ላብራቶሪ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1883። ለቢራ የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ነው። ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ ያፈላዋል፣ ናይትሮጅኑ አሞኒየም ይሆናል፣ ከዚያ ቤዝ ጨምሮ አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፣ አሲድ ውስጥ ይይዘዋል፣ በታይትሬሽን ይቆጥረዋል። ከ140 ዓመት በፊት! የአፈርና የመኖ ላብራቶሪዎቻችንም ይሠሩበታል፣ ስለዚህ «መሣሪያ የለም» አይባልም። ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያቃጥለኝ ነገር አለ። ፍግ ናሙና ተወስዶ ምን ይደረጋል? እንደ አፈር ፀሐይ ላይ ወይ ኦቨን ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ይለካል። ሲደርቅ አሞኒያው ተነነ! የሚለካው ሌባው ከሄደ በኋላ የቀረው ዕቃ ነው። ከዚያ «የኛ ፍግ ናይትሮጅኑ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል። የፍግ ናሙና እርጥቡን ነው የሚለካው፣ የሚቆይ ከሆነ በቀዝቃዛ ወይ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ነው የሚቀመጠው፤ እርጥበቱ ከሌላ ቁራጭ ለብቻ ይለካል። ተመራማሪዎች ይሄን ያውቁታል። ናሙናውን በፌስታል ቋጥሮ ታክሲ ላይ የሚጭነው ሰው ግን አልተነገረውም።

ኩበትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ጥፋቱ ወደ እናቶች ይወረወራል። «ኩበት እየጠፈጠፉ አፈሩን ገደሉት» ይባላል። እውነት ነው፣ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ አመዱ ውስጥ እንደ ፎስፈረስና ፖታሽየም ያለው ይቀራል። ግን በደጋው እንጨት የለም፣ ብርድ አለ፣ እንጀራ መጋገር አለበት። ማገዶ ሳትሰጧት ኩበት አትጠፍጥፊ ማለት ልጆችሽን ጥሬ አብያቸው ማለት ነው። ደግሞ እሷ የምትጠፈጥፈው እበቱን ነው፤ ሽንቱን አትጠፈጥፍም። ሽንቱ ማን ጋ ነው ያለው? በሲሚንቶ ወለል ላይ በቦይ ወርዶ ወንዝ ውስጥ ነው ያለው፣ ከጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ያስገባው ባለ ሃያ ላሙ ባለሀብት ነው። እሱን ግን ማንም «አፈር ገደልክ» አይለውም፣ የሥራ ዕድል ፈጣሪ ተብሎ ይሸለማል።

ባዮጋዝ ያስገቡ ወዳጆቼም እንዳትኮሩ። ባዮጋዝ ጥሩ ነው፣ ማገዶውን ይተካል፣ ናይትሮጅኑንም ጉድጓዱ ውስጥ አያጠፋውም። ግን የሚወጣው ዝቃጭ ከገባው እበት ይልቅ አሞኒየሙ የበዛ፣ ፒኤቹም ከፍ ያለ ነው። እሱን ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትተዉት ከእበቱ በባሰ ፍጥነት ነው የሚተነው። ከላይ ዳስ ሥሩለት፣ ሸራ አልብሱት፣ ማሳ ላይ ስታፈሱት በዕለቱ በአፈር አልብሱት። ይሄን ያህል ነው።

ምን ይደረግ ለሚሉ፣ ሳይለካም የሚታወቀውን በአጭሩ ልናገር። ክምር ይሸፈን፣ በላስቲክም በአፈርም። ጥላ ሥር ይሁን። ከላሟ ሥር ጉዝጓዝ ይኑር፣ ከብት የማይበላው ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ የተገኘው፤ ሽንቱን ይጠጣዋል፣ ካርቦኑ ደግሞ ናይትሮጅኑን ለረቂቅ ሕዋሳቱ ምግብ ያደርገዋል። ሽንቱ እበቱን ሳይነካ ቶሎ በቦይ ወርዶ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ ቢገባ ከሁሉም ይሻላል፣ በውሃ አቅጥናችሁ ለጎመኑም ለበቆሎውም ነው። ማሳ የወጣ ፍግ እስከ ነገ ተዘርግቶ አይደር፣ በዕለቱ ይታረስ። ስንት እንዳተረፋችሁ ግን ካልለካችሁ አታውቁትም፣ ካላወቃችሁ ደግሞ ላስቲኩን በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ነገር ትወስዱታላችሁ። አይቼዋለሁ።

ለዚህ ነው ከተማሪዎቼ ጋር በባልዲ የሠራነው። ባለ ክዳን ባልዲዎች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል ትኩስ እበትና 100 ሚሊ ሊትር ሽንት፣ ከመሃል በቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ። (አሲዱን ወደ ውሃ ነው የምትጨምሩት፣ ውሃውን ወደ አሲድ አይደለም፣ መቼም አትርሱ!) ከሳምንት በኋላ የተረፈውን አሲድ በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሜቲል ሬድ ታይትሬት ታደርጋላችሁ። ለምሳሌ 20 ሚሊ ሊትር ከጨረሰ፣ 30 ሚሊ ሞል አሞኒያ ተይዟል፣ ይህም 0.42 ግራም ናይትሮጅን ነው። አንዱን ባልዲ እንዲሁ ተውነው፣ አንዱን በገለባ ሸፈንነው፣ አንዱ ላይ አመድ ነሰነስን። አመድ የነበረበት ከሁሉም በለጠ፣ ገለባ የነበረበት ከሁሉም አነሰ። ይሄ የሜዳውን ብክነት አይናገርም፣ ባልዲ ውስጥ ንፋስ የለም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚብስ ብቻ ነው የሚናገረው። አንዲት ተማሪ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ «ታዲያ አባቴ ለምን አመድ ጨምር ይሉታል?» አለች። መልሱን ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከሚመለከተው አካልም መስማት አለባት።

ለሚመለከተው አካል ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ ብዙ አላበዛም። ያ ቅጽ ላይ ከ«ሜትር ኪዩብ» አጠገብ ሁለት ዓምድ ይጨመር፤ ናይትሮጅን በመቶኛ፣ ፎስፈረስ በመቶኛ። ከሁሉም ጉድጓድ አይጠበቅም፣ ከአንድ ቀበሌ ሁለት ጉድጓድ ይበቃል፣ ሲሞላ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ፣ ናሙናው ሳይደርቅ። ሰልፈሪክ አሲድ ከባድ ከሆነ መጥታችሁ እኛ ትምህርት ቤት እንረዳችኋለን፣ ናይትሮጅኑን ተማሪዎቼ ይለኩታል።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፤ ከተማችን ውስጥ ከሦስት ላም በላይ ያላችሁና ለሦስት ወር ሁለት ክምር ጎን ለጎን ለማቆየት ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ አንዱ የተሸፈነ አንዱ ያልተሸፈነ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ያላችሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ላስቲኩን እኔ እገዛለሁ። ፎስፈረስ በትምህርት ቤታችን ዕቃ መለካት አንችልም፤ እርጥብ የፍግ ናሙና ተቀብሎ ፎስፈረስ የሚለካ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ዋጋውንና ናሙናው በምን ዕቃ እንደሚላክ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። «ፈረንጅ ሥራ ሲያጣ» ያልከኝ ወንድሜም ላም እንዳለህ አውቃለሁ፣ ከአንተ በረት ብንጀምር ደስ ይለኛል።